የአሮጌው መናኸሪያ ጋቢና

ገበያነሽ ያዕቆብን «ይህን አድርጊ» ማለት ቀላል ነው፤ ማስደረግ ግን እስከ ዛሬ የቻለ የለም። ጉለሌ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ ተከራይ መሆን አለበት። ባሏ በሕይወት ሳለ ሞክሮ ትቶታል። ቀበሌውም ሞክሮ ትቶታል። የንስሐ አባቷ እንኳ ቀኖና ሲሰጧት «እንግዲህ እንደምትችዪው» ብለው ነው የሚጨርሱት።

ሥራዋ ትኬት መቁረጥ ነው። ከአዲሱ ገበያ ወደ ላይ ሲሄዱ፣ መንገዱ የእንጦጦን ዳገት ከመጀመሩ በፊት፣ በጃንሆይ ዘመን በጥቁር ድንጋይ የተሠራች አንዲት አሮጌ መናኸሪያ አለች። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ የትኬት መስኮቷ የእንጨት ፍርግርግ ነው፣ የተሳፋሪ አግዳሚዋ በተቀማጭ ብዛት መሐሉ ጎድጉዷል። ትልልቆቹ አውቶቡሶች ወደ ሌላ ሰፊ መናኸሪያ ከሄዱ ቆይተዋል፤ አሮጊቷ መናኸሪያ ግን ዛሬም ታሳፍራለች። ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ፍቼ የሚሄዱ ቅጥቅጥ አይሱዙዎች ተራ ይዘው ይሞሉባታል። «ልትፈርስ ነው» ሲባል የሰማ ብዙ ሰው አለ፤ እንዲህ ያለውን ሰው ቀብራ እሷ ቆማለች።

ይህች መናኸሪያ አንድ ሥርዓት አላት። ከሾፌሩ ጎን ያለችው ወንበር፣ ጋቢናዋ፣ አትሸጥም። መኪናው ሞልቶ ሞተር እስኪነሣ ድረስ ከጳውሎስ ሆስፒታል ወጥቶ ወደ አገሩ ለሚመለስ በሽተኛ ትጠበቃለች። ሞተር ሲነሣ ማንም ካልመጣ ያኔ መጨረሻ የቀረው ተሳፋሪ ይገባባታል። ይህን ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አልፈረመበትም። ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ ተሸካሚውም ያውቀዋል። ጳውሎስ አካባቢ ያለ መድኃኒት ቤትና ሻይ ቤት ሁሉ ወደ ሰሜን የሚሄድ በሽተኛ ሲያይ «አሮጌው መናኸሪያ ሂድና ከጳውሎስ ነኝ በላቸው» ይለዋል።

ሥርዓቱን ያመጣው አባቷ ነው። ያዕቆብ የባቡር ሰው ነበር። ከአዲስ አበባ ርቃ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በአሮጌው የባቡር ጣቢያ ውስጥ ትኬት ሲቆርጥና ባንዲራ ሲያውለበልብ ነው ብዙ ዘመን የኖረው፤ ገበያነሽም የተወለደችው ከጣቢያው ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ጣቢያ በሽተኛ ካለ መጀመሪያ እሱ ይቀመጣል፣ ከዚያ ባንዲራው ከፍ ይላል። ያዕቆብ የፈረንጅ ሹም እየሰደበው ባንዲራውን ሳያነሣ ባቡሩን ያቆመበት ቀን እንደነበረ ልጁ ስታወራ አትጠግብም። በኋላ ባቡሩ ሥራ ሲቀንስ ቤተሰቡን ይዞ ጉለሌ መጣና ይህችው መናኸሪያ ቀጠረችው። ገና በገባበት ሰሞን ጳውሎስ በቀዶ ሕክምና ሆዷን የተከፈተች ሴት ቁስሏን በሁለት እጇ ይዛ መተላለፊያው ላይ ቆማ፣ አንድ ቋጥኝ የሚያክል ጤነኛ የእህል ነጋዴ ደግሞ ጋቢና ውስጥ ሲያንኮራፋ አየ። ነጋዴውን ቀስቅሶ አወረደው። ከዚያን ቀን ወዲህ ወንበሯ የበሽተኛ ሆና ቀረች።

ያዕቆብ ሲሞት መስኮቱን ልጁ ተረከበች፤ ሥርዓቱንም አብራ። ወረቀት አትጠይቅም። «ታምሜያለሁ ያለ ሰው ታሟል፤» ትላለች፣ በቃ። አንድ ጊዜ ግን ተሸውዳለች። ሰውየው አንገቱን በነጠላ ጠምጥሞ፣ እያቃሰተ መጣና ራሷ ደግፋ ጋቢና አስገባችው። ጫንጮ ሲደርሱ ያ ሕመምተኛ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ፣ ከጓደኛው እጅ ያመለጠ በግ ሜዳ ለሜዳ ሲያባርር ሾፌሩ ጃለታ በዓይኑ በብረቱ አየ። መናኸሪያው ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ሲስቅ ከረመ። ከእንግዲህ የሆስፒታል ካርድ ትጠይቅ እንደሆነ ሲጠይቋት ግን ፊቷ ተኮሳተረ።

«አልጠይቅም። ለአንድ ዋሾ ብዬ ስንቱን በሽተኛ ልፈትሽ? እሱም አንድ ቀን የእውነት ሲያመው ይመጣል፤ ያኔም አስቀምጠዋለሁ።»

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ብዙ ዘመን ተኖረ። ከዚያ መሳይ መጣ።

መሳይ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይህን መካድ ነውር ነው። የባለመኪኖቹ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ አድርጎ ሲቀጥረው በመጀመሪያ ያደረገው ነገር የሚያፈሰውን ጣሪያ ማስጠገን ነው። መጸዳጃ ቤቱን ሰው የሚገባበት አደረገው። ገበያነሽን «እትዬ» ብሎ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ነው የሚያናግራት። ጥፋቱ አንድ ነው፤ የሚሠራ ነገር ሁሉ በስልክ ቢሠራ የተሻለ ይመስለዋል። ስለዚህ ትኬቱን በስልክ አደረገው። ተሳፋሪው ቤቱ ተቀምጦ የመኪናውን ሥዕል እያየ ወንበር ይመርጣል። መቼም የሰው ልጅ ምረጥ ከተባለ የሚመርጠው ይታወቃል፤ ጋቢናዋ ገና ጀንበር ሳትጠልቅ ትሸጣለች።

መጀመሪያ የገጠማት ዮናስ የሚባል፣ ሱሉልታ ላይ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው ነው። ስልኩን በፍርግርጉ በኩል አሳያት።

«ወንበር ቁጥር አንድ። ጋቢና ይላል።»

«ይበል። አንተ ከኋላ ግባ።»

«ከፍዬበታለሁ እኮ እናቴ።»

«ታመሃል?»

«አልታመምኩም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንግዲያው ከኋላ ቦታ አለ።»

ዮናስ ከኋላ ገባ፤ እዚያው ሆኖ ለመሳይ ደወለ። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፣ ከዚያም በኋላ እንዲሁ። በሳምንቱ መሳይ ቢሮው አስጠራት።

«እትዬ፣ ሲስተሙ ወንበሩን ክፍት ነው ብሎ ያሳያል፤ ሰው ያየዋል፣ ይገዛዋል። ገዝቶ ሲመጣ ከኋላ ግባ ማለት ማጭበርበር ነው።»

«ታዲያ እንዳያሳየው አድርገው።»

«አይቻልም። እ... ማለቴ፣ ይቻላል። ግን ማኅበሩ አይፈቅድም። በጣም የሚፈለገው ወንበር እኮ እሱ ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው ለበሽተኛ የያዝኩት። የማይፈለግ ወንበር መስጠትማ ምን ቁም ነገር አለው?»

መሳይ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ለበሽተኛ አምቡላንስ አለ።»

«እሱ ለመምጫው ነው። የዳነ ሰው በአምቡላንስ አገሩ ሲገባ አይተህ ታውቃለህ?»

ይህን አላየም። እዚህ ላይ ቢተወው ጥሩ ነበር፤ ግን ለባለመኪኖቹ የሚመልሰው መልስ ያስፈልገዋልና ለማስፈራራት ያህል አንድ ቃል ጨመረ። «ወይ ወንበሩን ለገዛው ይልቀቁ፣ ወይ መስኮቱን ያስረክቡኝ።»

ገበያነሽ ከአንገቷ የመስኮቱን ቁልፍ ከነክሩ አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

መሳይ ደነገጠ። «እትዬ፣ እኔ እኮ ይሂዱ አላልኩም።»

«ብለሃል። የተናገረውን የሚያጥፍ ወንድ ደግሞ አልወድም፤» አለችና ወጣች።

ጡረታዋ ሊደርስ የቀረው ጥቂት ወር ነበር። ልጇ ሮሐ፣ ጳውሎስ ፊት ለፊት ካለ መድኃኒት ቤት ከሥራ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ሰፈር ደርሷል።

«እማዬ፣ ትንሽ ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?»

«ዝም ብዬ እኮ ነው ያስረከብኩት።»

«አንቺ ዝም ስትዪ ነው የሚያስፈራኝ፤» አለች ሮሐ።

ገበያነሽ ሳቀች፤ ውስጧ ግን ከፍቷት ነበር፤ ፈርታም ነበር። የፈራችው ለእንጀራዋ አልነበረም። ነገ አንዱ ቁስሉን ታቅፎ ያንን መስኮት ያንኳኳል፤ «ከጳውሎስ ነኝ» ይላል፤ «በስልክ ግዛ» ይባላል። ስልክ የሌለው፣ ያለውም ማንበብ የማይችል፣ የሚያነብም በሕመም ዓይኑ የዞረበት። ያ ሰው ቆሞ ፍቼ ሊሄድ ነው። ይህ ሰው አንጀቷን በላት፤ ገና ያልመጣ ሰው።

በማግስቱ መናኸሪያው በር ሲከፈት ገበያነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። በመስኮቱ ውስጥ ቤዛዊት የምትባል አዲስ ልጅ ተቀምጣለች፤ አንገቷን ደፋች። ተረኛው የጃለታ መኪና ነው። ገበያነሽ የጋቢናውን በር ከፍታ፣ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ወጣችና ተቀመጠች።

ጃለታ መስታወቱን እየወለወለ ነበር። «እትዬ፣ ወዴት ነዎት ዛሬ?»

«የትም። በሽተኛ እስኪመጣ ነው።»

ጃለታ አንድ ጊዜ አያት፤ መስታወቱን መወልወሉን ቀጠለ። ዮናስ ስልኩን ይዞ ሲመጣ ግን ነገሩ ጦፈ። መሳይ ተጠርቶ መጣ።

«እትዬ፣ ትኬት አለዎት?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ይውረዱ።»

«አውርደኛ።»

መሳይ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ፤ መለሰው። የእናቱን እኩያ ሴት፣ በሰው ፊት፣ ክንዷን ይዞ ከመኪና የሚጎትት ልጅ ጉለሌ አላሳደገችም። ዘበኛውን ስብሐትን አየው፤ ስብሐት ዝናብ ይመጣ እንደሆነ ለማወቅ ሰማዩን እየተመለከተ ነበር። ገበያነሽ ይህን ሁሉ ቀድማ ታውቃለች። ዕድሜዋን እንደ መቆለፊያ ቆልፋ ነው የተቀመጠችበት፤ ትንሽም አላፈረችም።

እንዲህ ተፋጠው ሳሉ አንድ ባልና ሚስት በበሩ ገቡ። ሴትየዋ ሾዴ ትባላለች፤ በቀዶ ሕክምና ወልዳ ከጳውሎስ መውጣቷ ነው። ግድግዳውን ይዛ፣ እየቆመች ነው የምትራመደው። ባሏ ደበላ ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ታቅፏል። ገበያነሽ ከጋቢናዋ ወረደች፣ ሾዴን በብብቷ ገብታ ደገፈቻት። በመስኮቱ ስትኖር የለመደችው ኦሮምኛ አላት፤ «ታኢ፣ ታኢ» እያለች አስቀመጠቻት። ሕፃኑን ከአባቱ ተቀብላ እቅፏ ላይ አደረገችላት። ዮናስ ፊቱን አጨማዶ ከኋላ ገባ።

መሳይ በረጅሙ ተነፈሰ። «ደህና፤ ለዛሬ ይሁን።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ያምር ነበር። ገበያነሽ ግን «ለዛሬ» የምትለዋ ቃል ቆረቆረቻት። ዞራ ሄዳ መኪናው ፊት፣ መከላከያው ሊነካት ትንሽ ሲቀረው ቆመች።

«ለዛሬ ብቻ ብሎ የሚያም ነገር የለም። ለሁልጊዜ በል።»

«እኔ ብቻዬን መወሰን አልችልም እትዬ።»

«እንግዲያው መኪናው አይወጣም።»

ተሳፋሪው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ማጉረምረም ጀመረ። ገበያ የሚጠብቃቸው ነበሩ፣ ለቅሶ የሚሄዱ ነበሩ። ከኋላ የተሰለፉት መኪኖች ጥሩምባ ነፉ። አንዱ «ይቺ ሴትዮ ወፈፍ ያደርጋታል እንዴ?» አለ፣ እንድትሰማው አድርጎ። እሷ አልተነቃነቀችም። ጃለታ ሞተሩን አጥፍቶ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ።

በመጨረሻ የወረደው ደበላ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ፊቷ ቆመ።

«እናቴ፣ እኛ ተቀምጠናል። እግዜር ይስጥልን። ግን ሕፃኑን ብርድ እየመታው ነው፣ እሷም ቁስሉ እየጠዘጠዛት ነው። ይልቀቁን፤ በእናትዎ።»

ይህ እንደ ጥፊ ነው ያረፈባት። ለበሽተኛ ብላ በሽተኛ አቁማለች። አባቷ ባንዲራውን ይዞ የቆመው በሽተኛው እስኪቀመጥ ነበር፤ ከተቀመጠ በኋላ አንድ ደቂቃ አላቆየም። ፊቷ በሰው መሐል ጋለ። «ይቅር በለኝ ልጄ፤» አለችውና ከመንገዱ ወጣች። መኪናው ወጣ። መሳይም፣ ዘበኛውም፣ ተሸካሚዎቹም ነገሩ አለቀ ብለው ወደየሥራቸው ተበተኑ።

ገበያነሽ ግድግዳውን ተደግፋ ትንሽ ቆየች። አፍራለች፤ አልዋሸችም ለራሷ። ግን ቆም ብላ ስታስበው ያጠፋችው መንገድ መዝጋቷ ነው፤ ወንበር መያዟ ምኑም ጥፋት የለበትም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚቀጥለው መኪና ተራ ያዘ። ሄደች፣ ጋቢናውን ከፈተች፣ ገብታ ተቀመጠች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዋ ይህ ሆነ። በሽተኛ ሲመጣ ትወርዳለች፤ ሳይመጣ ሞተር ከተነሣ ደግሞ ወርዳ፣ ትኬት የቆረጠውን ሰው «በል ግባ፤ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብላ ትሸኘዋለች። መኪና ግን አንዴም አላስቆመችም። ሐምሌ ገብቶ እንጦጦ ዝናቡን ሲያወርደው ላስቲክ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ መጣች። የሚሰድባት አለ። በድብቅ ብርቱካን የሚያቀብላት አለ። ባለመኪኖቹ ተናደው አንድ ፖሊስ ጠሩባት፤ ፖሊሱ ነገሩን ከመሳይ ሰማ።

«ሰረቀች?»

«አልሰረቀችም።»

«ተማታች?»

«ኧረ የለም። ተቀመጠች።»

«ወንበር ላይ?» አለ ፖሊሱ። ከዚያ ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

ዮናስም ሳይወድ በግድ ለመደው። ጋቢናዋን መግዛቱን አልተወም፤ ሰው እልኸኛ ነው። ግን ሞተር ሊነሣ ሲል መምጣት ጀመረ፤ ባዶ ከሆነች ይገባባታል፣ ካልሆነች ቀጥ ብሎ ከኋላ ይሄዳል። ሁለቱ ሰላምታ እስከ መለዋወጥ ደረሱ፤ ከዚያ ያለፈ ፍቅር የለም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ግን ዝናቡ ጉልበቷን ያዘባት። አንድ ጠዋት ከአልጋ ስትነሣ እግሯ አልታዘዝ አለ። ሮሐ ቅባት አሽታ በጨርቅ ጠቀለለችላትና «ዛሬ ከዚህ ቤት ብትወጪ እኔ ልጅሽ አይደለሁም፤» አለቻት። እናት ነጠላዋን እየፈለገች ነበር። ሮሐ እያልጎመጎመች ክንዷን ይዛ አብራት ወጣች። ታክሲው አዲሱ ገበያ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ቆመ፤ ገበያነሽ በመስኮቱ እያየች ጥርሷን ነከሰች። የመጀመሪያው መኪና እስካሁን ሞልቷል። ወንበሯ ሄዳለች። ያሳለፈችው ክረምት ሁሉ በዚህች አንድ ጠዋት ከንቱ የሚሆን መሰላት፤ ምክንያቱም አንዴ ከተለቀቀች ነገ ማን ይመልሳታል?

እያነከሰች በበሩ ስትገባ የጃለታ መኪና ሞልቷል። ጋቢናዋ ግን ባዶ ናት። አንድ የማታውቀው ሰው፣ ንጹሕ ካፖርት የለበሰ፣ ስልኩን ዘርግቶ በሯ ላይ ቆሟል። በሩን በጀርባው ዘግቶ የቆመው ደግሞ መሳይ ነው።

«ከፍያለሁ እኮ፤» ይላል ሰውየው።

«ገንዘብዎ ይመለስልዎታል፤» አለ መሳይ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ከባለመኪኖቹ አንዱ እዚያ ይኖር እንደሆነ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ያያል። «ይሄ ወንበር ከጳውሎስ ለሚመጣ ሰው ነው። ከኋላ ቦታ አለ።»

ሰውየው ተከራከረ፤ መሳይ ከበሩ አልተነሣም። ሰውየው ከኋላ ገባ።

የገበያነሽ ዓይን እንባ ሞላ፤ ይህንንም ልጇ እንዳታይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሮሐ ግን አይታለች። «እማዬ፣ በይ አመስግኚው፤» አለች ቀስ ብላ።

ገበያነሽ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ እያነከሰች ሄዳ መሳይ ፊት ቆመች።

«ምን አልከው?»

መሳይ ቀላ። «ያው... ወንበሩ የበሽተኛ ነው አልኩት እትዬ።»

«ለእሱ በጆሮው ነው የነገርከው። እኔ አልሰማሁም። እነዚያም አልሰሙም፤» አለች፣ በአገጯ ወደ ባለመኪኖቹ ቢሮ እያሳየች። «የምታፍርበት ነገር ከሆነ ተወው። የማታፍርበት ከሆነ ሰው እንዲሰማው አድርገህ በል።»

መሳይ ዙሪያውን አየ። ጃለታ መሪውን ይዞ ይጠብቃል፣ ስብሐት ዛሬ ሰማይ አያይም፣ ቤዛዊት ከፍርግርጉ ኋላ ቀና ብላለች፣ የቢሮው መስኮትም ክፍት ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋቢና የበሽተኛ ነው፤» አለ፤ «በዚህ መናኸሪያ የማንኛውም መኪና ጋቢና የበሽተኛ ነው። ዛሬም፣ ነገም።» ድምፁ የቆርቆሮውን ጣሪያ መታው። ቢሮው ውስጥ ወንበር ሲጎተት ተሰማ፤ አንድ ሰው ወደ መስኮቱ መጣ። መሳይ አላቋረጠም፤ ደገመው።

ገበያነሽ እስኪጨርስ ቆማ አዳመጠች።

«እንደሱ፤» አለች።